ኔትወርክ በሌለበት 660 ኪሎ ሜትር ብቻ መንዳት፦ ችግር ቢመጣስ?

በምዕራብ አውስትራሊያ ኪምበርሊ የሚገኘው ጊብ ሪቨር ሮድ ድሮ ከብት ይጓጓዝበት ነበር። ዛሬ ሸለቆና ፏፏቴ ለማየት ብቻቸውን የሚነዱበትም አሉ። አብዛኛው መንገድ ላይ ግን ስልክ አይሠራም።

ታዲያ እንዴት ይተርፋሉ? ባጭሩ እንንገራችሁ፦

1. ፒኤልቢ፦ በኪስ የሚያዝ መሣሪያ ነው። ሲከፍቱት በ406 ሜጋኸርዝ ለሳተላይት የድረሱልኝ ምልክት ይልካል፤ ሲም ካርድ አይፈልግም።

2. መኪና ቢበላሽ አለመራቅ፦ ከአውሮፕላን ሲታይ መኪና ከሰው ቶሎ ይለያል፣ ጥላም ይሆናል። በዚያ ሙቀት እርዳታ ፍለጋ በእግር መውጣት ሊገድል ይችላል።

3. ወንዝ፦ ፔንተኮስት ወንዝን የሚሻገሩት በመኪና ነው። አዞ ስላለበት ጥልቀቱን በእግር ገብቶ መለካት አይታሰብም።

ከሁሉም በፊት ግን መንገዱንና የመመለሻውን ቀን ለአንድ ሰው መንገር ነው። ቢዘገዩ “ፈልጉልኝ” የሚለው እሱ ነው።