ስለ «ብስክሌት» ቃል አመጣጥ

የኢጣሊያ ጦር በ1888 ዓ.ም. ተከቦ ምሽጉን በለቀቀበት በመቐለ እንዳ ኢየሱስ አካባቢ፣ በትግራይ እጅግ የተወደደው የእሽቅድምድም መሣሪያ «ብሽክለታ» ይባላል። አማርኛ «ብስክሌት» ይለዋል። ቃላቱ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ይመስላሉ፤ እኛ ግን እንጠራጠራለን። የትግርኛው «ሽ» እና የመጨረሻው አናባቢ የኢጣሊያንኛውን «ቢቺክሌታ» ያስተጋባሉ። አማርኛው በ«ስ» ተነግሮ በ«ት» ስለሚዘጋ ለፈረንሳይኛው «ቢሲክሌት» ይቀርባል፤ ፈረንሳይኛ በአዲስ አበባ የትምህርት ቤትና የምድር ባቡር ቋንቋ እንደ ነበር አይዘነጋም። በእግር ኳስ ነገሩ ሌላ ነው፦ የጨዋታው ስም አገርኛ ጥምር ሲሆን፣ በአማርኛ ርግጫን የሚያመለክተው «ካልቾ» ኢጣሊያኖች ጨዋታውን ራሱን የሚጠሩበት ቃል ነው። ስለዚህ በመዝገበ ቃላት «ብስክሌት» ሥር «ከኢጣሊያንኛ» ብሎ በደፈናው መጻፍ እንዲቀር እናሳስባለን፤ አራሚም «ብሽክለታ»ን እንደ ስሕተት አይሰርዝ።