ቆዳ፥ ላብና ጨው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ከተማ የሚወርድ መንገደኛ፥ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ የለመደውን ነፋሻ አየር ትቶ ከባሕር ዳር ይደርሳል። በሐምሌ ወር የከተማይቱ የቀን ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። የጤናማ ሰው የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ሰውነት ሙቀቱን ለአየሩ ይሰጥ የነበረው ቀርቶ ከአየሩ ይቀበላል። ታዲያ ከመርከብ ዕቃ የሚያወርደው የወደብ ሠራተኛና ጭነት የሚጠብቀው የከባድ መኪና ሾፌር በዚያ ሐሩር ውለው በሰላም የሚያመሹት በምን ኃይል ነው? ምክንያቱ በአብዛኛው የቆዳቸው አሠራር ነው።

ቆዳ አስቀድሞ አጥር ነው። ከሁሉ በላይ የሚገኘው ንብርብር በአብዛኛው የሰውነት ክፍል እጅግ ስስ ሲሆን፥ የተሠራውም ከሞቱ ጠፍጣፋ ሴሎች ነው። ሴሎቹ እንደ ድንጋይ ካብ ተደራርበው ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ደግሞ ቅባት እንደ ጭቃ ይሞላዋል። ውሃና ቅባት እንደማይዋሐዱ ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ስለሆነም በውስጥ ያለው ውሃ በቀላሉ አይወጣም፤ በባሕር የሚዋኝ ሰውም ውሃ ጠጥቶ እንደ ባቄላ አያብጥም። ሰዎች ይህን የሞተ ንብርብር እንደ እድፍ ቆጥረው አጥብቀው ይፈትጉታል። ነገር ግን ዋጋው የሚታወቀው ሲጠፋ ነው፤ ሰፊ የሰውነት ክፍሉ በእሳት የተቃጠለ ሰው በተቃጠለው ቦታ በኩል ብዙ ውሃ ስለሚያጣ ሐኪሞች ፈጥነው በደም ሥሩ ፈሳሽ ይሰጡታል።

አጥሩ ግን በር አለው። በቆዳ ላይ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡ የላብ እጢዎች አሉ። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተንን ከሰውነት ይዞት የሚሄደው ሙቀት ከ5 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፥ የሚያቀዘቅዘው የሚተንነው ላብ እንጂ የሚንጠባጠበው አለመሆኑ ነው። በጅቡቲ ሁለቱም ይታያሉ። በበጋው ካምሲን የተባለው ደረቅና ትኩስ ነፋስ ከምድረ በዳው ሲነፍስ ላቡ ገና ሳይታይ ይተንናል፤ ሰውየውም ምን ያህል ውሃ እንዳጣ ሳያውቅ ይደክማል። ነፋሱ ሲቆምና የባሕሩ እርጥበት ሲበረታ ደግሞ ወበቅ ይሆናል። በዚህ ጊዜ አየሩ እርጥበት ስለጠገበ ላቡ ሳይተንን ይወርዳል፤ ልብሱ ይረጥባል፥ ሰውነቱ ግን አይቀዘቅዝም። ወበቅ ከደረቅ ሙቀት ይልቅ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ላብ ውሃን ብቻ ሳይሆን ጨውንም ይዞ ይወጣል። ደግነቱ፥ ላብ ወደ ውጭ በሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ ግድግዳ ላይ ያሉት ሴሎች ከጨው ከፊሉን ወደ ውስጥ ይመልሳሉ። ከደጋ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ጨው ያጣል። በሙቀቱ ውስጥ እየሠራ አንድ ሁለት ሳምንት ከቆየ ግን ላቡ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፥ ጨዋማነቱም ይቀንሳል። ቆላን መልመድ የሚባለው በከፊል ይህ ነው።

የተጠማ ሰው ባሕሩ ከፊቱ ተንጣሎ ሳለ ለምን አይጠጣውም? እያንዳንዱ ሴል በገለፈት የተከበበ ነው። ይህ ገለፈት ውሃን በቀላሉ ያሳልፋል፥ ጨውን ግን ይከለክላል። ስለዚህ ውሃ ጨው ካነሰበት ወደ በዛበት ያልፋል፤ ይህም ኦስሞሲስ ይባላል። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ፤ ከደም ጨው አራት እጥፍ ገደማ ነው። የባሕር ውሃ በተጠጣ ጊዜ ደም ጨው ይበዛበታል፤ ከሴሎችም ውሃ ይስባል። ኩላሊትም ከአንድ ሊትር የባሕር ውሃ የሚገኘውን ጨው ለማስወጣት አንድ ሊትር ተኩል ያህል ሽንት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጠጪው በጠጣ ቁጥር ጥማቱ ይብስበታል።

ከከተማይቱ ፊት ለፊት ባለችው በሙሻ ደሴት የሚበቅሉት የማንግሮቭ ዛፎች ግን ሥራቸውን ከዚሁ ባሕር ውስጥ ተክለው ይለመልማሉ። የሥሮቻቸው ገለፈት ውሃውን አስገብቶ አብዛኛውን ጨው ከደጅ ያስቀረዋል። አንዳንዶቹ የማንግሮቭ ዓይነቶች አምልጦ የገባውን ጨው በቅጠላቸው ላይ ባሉ እጢዎች ስለሚያስወጡ፥ ቅጠላቸው በምላስ ሲቀመስ ጨው ጨው ይላል።

የከተማይቱም ሕዝብ ዛሬ የሚጠጣው ውሃ ከፊሉ በተመሳሳይ መንገድ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 በዶራሌ የተመረቀው የባሕር ውሃ ማጣሪያ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ ንጹሕ ውሃ እንዲሰጥ የተሠራ ነው። በዚህ ዓይነት ማጣሪያ የባሕር ውሃ ከ50 እጥፍ በሚበልጥ የአየር ግፊት ኃይል በሰው ሠራሽ ገለፈት ላይ ይገፋል፤ ውሃው ያልፋል፥ ጨውም ይቀራል። በኦስሞሲስ ወደ ጨዋማው ወገን ይሄድ የነበረው ውሃ በግዴታ ወደ ኋላ ይመለሳል ማለት ነው፤ ለዚህም ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጃል። ሰው ሠራሹ ገለፈት እንደ ቆዳ ራሱን አያድስም። በየጊዜው ይታጠባል፤ ሲያረጅም ወጥቶ በሌላ ይተካል።