ቤቱ ቢቃጠልም ዕዳው አይቃጠልም

የምጽፈው ከድንበር ከተማዋ ሞያሌ፣ ከጎልቦ ነው። በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ዛሬ ልመልስ፦ «በባንክ ብድር የሠራሁት ቤት እሳት ቢበላው ዕዳዬስ?»

ዕዳው ባለበት ይቀጥላል። ቤቱ መያዣ ነው፤ ተበዳሪው አንተ ነህ።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፓሊሴድስና ኢተን የተባሉት ሰደድ እሳቶች ከ16,000 በላይ ቤቶችና ሌሎች ግንባታዎችን አወደሙ። ትልልቅ ባንኮች ለተጎጂዎች የ90 ቀን ፋታ ሰጡ። ክፍያው ተራዘመ እንጂ አልተሰረዘም። የኢንሹራንስ ካሳ ሲመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቼኩ ላይ ሁለት ስም ይጻፋል፤ የባለቤቱና የባንኩ። ባንኩ ካልፈረመ አይመነዘርም። ከፈረመም በኋላ ገንዘቡን ይዞ መሠረቱ ሲወጣ፣ ግድግዳው ሲቆም፣ ጣሪያው ሲመታ በየደረጃው ይለቃል።

ከእሳቱ በፊት ሌላ ጣጣ ነበር። ስቴት ፋርም የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ካሊፎርኒያ ውስጥ 72,000 ያህል ውሎችን እንደማያድስ አስታውቋል። የብድር ውሉ ግን ቤቱ ያለ ኢንሹራንስ እንዲያድር አይፈቅድም። ባለቤቱ ኢንሹራንስ ካልገባ ባንኩ ራሱ ይገዛና ሂሳቡን በተበዳሪው ላይ ይጥላል። ይህኛው ውድ ነው፤ ከሁሉ በፊት የሚጠብቀውም ባንኩን ነው።

በኬንያም በኢትዮጵያም አበዳሪ ባንክ ቤቱን ኢንሹራንስ ያስገባል፤ ራሱንም ተጠቃሚ አድርጎ ያስመዘግባል። ሰው የሚጎዳው ቤቱን ኢንሹራንስ በሚያስገባበት የገንዘብ መጠን ነው። እንደገና ለመሥራት 4 ሚሊዮን ሽልንግ የሚፈጅን ቤት፣ አረቦን ለመቀነስ ብለህ በ2 ሚሊዮን አስገባኸው እንበል። እሳቱ ወጥ ቤቱን ብቻ በልቶ የ1 ሚሊዮን ጉዳት ቢያደርስ 1 ሚሊዮን አይከፈልህም። ግማሹን ዋጋ ስላስገባህ የጉዳቱ ግማሽ፣ 500,000 ብቻ ነው የሚደርስህ።

የማርሳቢት አርብቶ አደር እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የከብት ኢንሹራንስን ያውቃል። እዚያ ሳተላይት የግጦሹን መድረቅ ካሳየ ይከፈላል፤ የሞተ ከብት የሚቆጥር የለም። የቤት እሳት እንደዚያ አይደለም። የጠፋውን ዕቃ አንድ በአንድ የምታስረዳው አንተ ነህ።

ከከተማው ወጣ ስንል አብዛኛው መሬት የጋራ ነው፤ የግል ካርታ ከሌለ ባንክ ቤቱን መያዣ አድርጎ አያበድርም። እዚያ ቤት ሲቃጠል የባንክ ዕዳም ካሳም የለም፤ መልሶ የሚያቆመው ዘመድና ጎሳ ነው።

ብድር ያለባችሁ ግን ውሉን ዛሬ አውጡና እነዚህን እዩ፦

1. የተጻፈው ገንዘብ ዛሬ ባለው የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ ቤቱን መልሶ ያቆማል?
2. መቼ ያበቃል?
3. ሁከትና ግጭት ያስነሳውን እሳት ይሸፍናል? ብዙ ውሎች ካላስጨመራችሁ አይሸፍኑም፤ ለድንበር ከተማ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።
4. ከውሉ ሌላ ደግሞ፣ ለማስረጃ እንዲሆን የየክፍሉን ፎቶ አንስታችሁ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ላኩ።

ባንኩ የራሱን ገንዘብ የሚያስጠብቅበትን አንቀጽ አስቀድሞ ጽፏል። ለልጆቻችሁ ጣሪያ የሚበቃውን መጠን ማስጻፍ የእናንተ ፋንታ ነው።