የቡኢ ጥናት ለቡኢም ይድረስ

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ቡኢ የሶዶ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ይህ ወረዳ በዓለም የአእምሮ ጤና ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በኔፓል፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ የተጀመረው ፕራይም የተሰኘው ፕሮጀክት በአገራችን የተሞከረው እዚሁ ነው። በ2022 ላንሴት ሳይካትሪ ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ሥልጠና ያገኙ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ቢከታተሉት ውጤቱ ከአእምሮ ሕክምና ነርሶች ክትትል እንደማያንስ አሳይቷል። ታማሚያቸውን ይዘው ሩቅ ሆስፒታል ለሚመላለሱ ቤተሰቦች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጽሑፉ ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ዘንድሮ በወረዳው ጤና ጣቢያ የተመደበ አዲስ ባለሙያ ስለ ጥናቱ መስማቱ የዕድል ጉዳይ ይሆናል።

ጥናቶች የሚመዘገቡበት ሥርዓት አለ ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች አስቀድሞ ያልተመዘገበ የሕክምና ሙከራ አያትሙም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የየአገሩን መዝገቦች በአንድ ቋት ያሰባስባል። ይህ ግዴታ ግን የሚመለከተው ሙከራዎችን ነው። በገጠራችን የሚበዙት የቤት ለቤት ቅኝቶችና የተማሪዎች የመመረቂያ ጥናቶች ከዚያ ውጭ ናቸው። ቡታጅራ ላይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጀመረው የልደትና የሞት ክትትልም ሙከራ አይደለም። እንዲህ ያለው ሥራ የሚያሰባስበው መዝገብ ከሌለ አንዲት እናት ትናንት የመለሰችውን ጥያቄ ነገም ለሌላ ጠያቂ ልትመልስ ትችላለች።

ስለዚህ እያንዳንዱ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የራሱ መዝገብ ይኑረው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳጠና፣ ምን እንዳገኘም በአንድ ገጽ አማርኛ ይጻፍበት። ሶዶ ላይ ውጤቱ በስብሰባ በአካባቢው ቋንቋ በክስታኔ ቢነገር ደግሞ ይበልጥ ይሰማል።

የምስጢር ስጋት አለ፤ ተገቢም ነው። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ቀበሌ ዕድሜና የሕመም ዓይነት ብቻ ማንነትን ያጋልጣሉ። በመሆኑም የሚወጣው ግኝቱ እንጂ የግለሰብ መረጃ መሆን የለበትም። አሳፋሪ ቁጥር አካባቢውን ያስነቅፋል የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት፣ ባል ወይም ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በሕይወታቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ገልጿል። ዓለም ሁሉ ያነበበውን ቁጥር ከሴቶቹ ጎረቤቶች መደበቅ የሚጠቅመው አጥቂውን ብቻ ነው። ወጪውም ቢሆን ከባድ አይደለም፤ ለመረጃ ሰብሳቢ አበል የሚመድብ በጀት ለአንድ ገጽ ትርጉም አያንስም፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎችም ፈቃድ ሲሰጡ ያንን ገጽ ከወዲሁ ሊጠይቁ ይችላሉ።