የእስክንድር ቦጎሲያን ጥቁር መስመር

እስክንድር ቦጎሲያን በብዕርና በጥቁር ቀለም የሠራውን ሥዕል የሚያይ ሰው ቶሎ የሚያነሳት ጥያቄ «ይሄ ምንድን ነው?» የምትል ናት። መልሱ አይጨበጥም። ወፍ ነው ያሉት ቅርጽ ወደ ታች ሲከተሉት ሥር ይሆናል፤ ሥሩ ተመልሶ ክንፍ ያወጣል፤ እንቁላል የመሰለው ክብ ትንሽ ሲያዩት ዓይን ሆኖ ይገኛል። እንቁላል፣ ክንፍ፣ ጭምብልና ዓይን ከ1960ዎቹ ጀምሮ በቅብም ሆነ በብዕር ሥራዎቹ ውስጥ የሚመላለሱ ቅርጾች ናቸው። ወረቀቱ ላይ ዋናው መስመር ነው፤ ቀጭን፣ የሚጠላለፍ፣ አንዳንድ ቦታ ጥቅጥቅ ብሎ ጨለማ የሚሆን፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ነጩን ወረቀት ለብቻው የሚተው።

የሥነ ጥበብ ጸሐፊዎች እስክንድርን «ሱሪያሊስት» ይሉታል። አልተሳሳቱም፤ ፓሪስ ውስጥ ከዚያ ወገን ሠዓልያን ሥራ እየተማረ ዓመታት አሳልፏል። ይሁን እንጂ ስያሜው ግማሹን ነው የሚነግረን። የሱሪያሊስት እጅ የሚመኘው ከሥርዓት ማምለጥን ነው። የእስክንድር እጅ ደግሞ ሌላ፣ እጅግ ጥብቅ የሆነ ሥርዓት ያውቅ ነበር፤ የደብተራውን። የሁለቱን መገናኘት ለማየት ከአዲስ አበባ ተነስቶ በለንደንና በፓሪስ አልፎ፣ የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር እስከሚያልፏት አትላንታ ድረስ መሄድ ይጠይቃል።

የተወለደው በ1929 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1937፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ሌሎች ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ በነበረችበት ጊዜ ነው። እናቱ ወይዘሮ ጸዳለ ወልደ ተክሌ፣ አባቱ ኮስሮፍ ጎርጎርዮስ ቦጎሲያን ይባላሉ። አባት የአርመን ዘር ያላቸው የክብር ዘበኛ ኮሎኔል ነበሩ። በዚያ ዘመን አርመኖች ለአዲስ አበባ እንግዳ አልነበሩም። አገሪቱ እስከ አብዮቱ ድረስ የዘመረችውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት፣ በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡትን «አርባ ልጆች» የማርሽ ባንድ የመሩት አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። የእስክንድር አባት በወረራው ጊዜ ታሰሩ፤ እሱና እህቱ በአጎታቸው ቤት አደጉ።

ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲማር ሥዕልን ከክፍል ውጭ ተለማመደ። ካስተማሩት አንዱ የኢትዮጵያን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ታሪክ ያጠኑት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ነበሩ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ የዘመኑ ወጣት ሠዓሊ የድሮውን ሥዕል «የቄስ ሥራ» ብሎ በሚያልፍበት ወቅት፣ እስክንድር ብራናን ከፍ አድርጎ ከሚያይ ሰው እጅ ነው ብሩሽ የተቀበለው። በንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የሥዕል ውድድር ሁለተኛ ወጣ፤ በ1955 በመንግሥት ስኮላርሺፕ ለንደን ሄደ። ሴንት ማርቲንስ፣ ሴንትራልና ስሌድ የተባሉትን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ቀመሰና ብዙም ሳይቆይ ወደ ፓሪስ ተሻገረ። እዚያ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ፤ አካዴሚ ደ ላ ግራንድ ሾሚዬር በተባለው የሥዕል ቤት ተማረ፣ አስተማረም።

እስክንድር ፓሪስ ሲደርስ ሱሪያሊዝም አርጅቶ ነበር። አንድሬ ብሬቶን መግለጫውን ያወጣው በ1924 ነው። ሐሳቡ ሲጠቀለል ይህ ነው፦ አእምሮ ከሚቆጣጠረው ይልቅ ሕልም፣ ድንገተኛ ነገርና ያልታሰበበት እንቅስቃሴ እውነትን ያወጣሉ። ለሥዕል ከሁሉ ይበልጥ የተመቸው መሣሪያ ብዕርና ቀለም ሆነ። አንድሬ ማሶን በዚያው በ1924 አካባቢ ምን እንደሚስል ሳያስብ ብዕሩን ወረቀት ላይ በፍጥነት ይነዳ ነበር፤ ከተጠላለፈው መስመር ውስጥ ቆይቶ እጅ፣ ዓሣ ወይም የሰው ገላ ሲታየው ያንን ያወጣዋል። የብዕር ቀለም አይሰረዝም፤ ዘይት ቀለም ተፍቆ ዳግም ይቀባል፣ ብዕር ግን የእጅን መንቀጥቀጥ ሳይቀር መዝግቦ ያስቀምጣል። ያላሰቡትን ለመያዝ ለሚፈልጉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ወጥመድ አልነበረም።

ከሱሪያሊስቶቹ ሁሉ እስክንድርን ይበልጥ የነኩት ከአውሮፓ ውጭ የመጡት ናቸው፦ ቺሊያዊው ሮቤርቶ ማታ፣ በተለይም ኩባዊው ዊፍሬዶ ላም። ላም የቻይናዊ አባትና የአፍሪካ ደም ያላት ኩባዊት እናት ልጅ ነው፤ በ1943 የሠራው «ጫካው» የሸንኮራ አገዳ፣ ጭምብልና የሰው እግር በአንድነት የበቀሉበት ትልቅ ሥዕል ነው። ሁለት ዘር በደሙ ይዞ ፓሪስ ለመጣ ሐበሻ ላም ምን እንደሆነለት መገመት አያቅትም። የአባቶችን መንፈስ በዘመናዊ ሸራ ላይ ማስቀመጥ እንደሚቻል አሳየው። በዚያው ከተማ ሼክ አንታ ዲዮፕን የመሰሉ የጥቁር ታሪክ ተሟጋቾች ነበሩ፤ እስክንድር ከእነሱም ጋር ይገናኝ ነበር።

አሁን ወደ ደብተራው። በአገራችን ጥቁር ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ተቀምሞ ለወራት ይብላላል። ብዕሩ መቃ ነው። ቀዩ ቀለም የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንን፣ የቅዱሳንን ስምና የባለቤቱን የክርስትና ስም ይጽፋል። ክታብ የሚያስጽፍ ሰው ብራናው በቁመቱ ልክ እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው። በጸሎቱ መካከል ጠልሰም ይሳላል፦ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ በመሐሉ ፊት፣ በዙሪያው ዓይኖች፣ መስቀል የሚመስሉ መረቦች። ይህን የሚሠራ ሰው «ልቤ እንደመራኝ» አይልም። ኮከብ ይቆጥራል፣ ስም ያሰላል፣ ከመምህሩ የተቀበለውን ቅርጽ ይከተላል። ዓይኖቹም ለጌጥ አልተሳሉም። በሽተኛው ያያቸዋል፣ በውስጡ ያለው ክፉ መንፈስም በእሱ ዓይን በኩል ያያቸዋል፤ ያን ጊዜ ደንግጦ ይሸሻል። ሥዕሉ ይታያል ከማለት ያያል ማለት ይቀርበዋል።

እንግዲህ ማሶንና ደብተራው በአንድ ወረቀት ላይ ቢገናኙ የሚሆነውን ነው እስክንድር ዕድሜውን ሙሉ የሞከረው። ከፓሪስ የብዕሩን ነጻነት ወሰደ፤ መስመሩ ራሱ ቅርጽ እስኪወልድ መጠበቅን። ከብራናው ዓይንን፣ በክፍል በክፍል የተከፈለ ገጽን፣ ባዶ ቦታ የማይወድ ዳርቻን ወሰደ። ለዚህ ነው ረቂቅ በሚባሉት ሥዕሎቹ ፊት የቆመ ሰው ግራ ቢጋባም ብቻውን ያለ የማይመስለው። በግሌ ከዘይት ቅቦቹ ይልቅ ይህ የሚጎላው ኅብር በሌለበት በጥቁርና ነጭ ላይ ነው እላለሁ፤ ቅቦቹ በውበታቸው ያባብላሉ፣ መስመሩ ግን አያባብልም።

የፓሪስ ዓመታት ዋና ዋና ሥራዎቹን አወጡ። በ1963 የፓሪስ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥዕሉን ገዛ። በ1964 የተሠራው «የጁጁ ሠርግ» በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ የተቀባ ሲሆን ወዲያው ኒውዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም፣ በተለምዶ ሞማ የሚባለው፣ ወሰደው። ከዘመናዊ ኢትዮጵያውያን ሠዓልያን በሁለቱ ቤቶች ሥራው የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በዚያው ዓመት የሠራው «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» ዛሬ ራሊ በሚገኘው የሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው፤ ክንፋም ፍጡራን በከዋክብት መካከል ያልፉበታል።

በ1966 አገር ቤት ተመለሰና አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ከጀርመን የተመለሰው ገብረ ክርስቶስ ደስታ አስቀድሞ እዚያ ነበር፤ የከተማው ሰው በረቂቅ ሥዕል ላይ የሚያነሳውን ነቀፌታ ለብቻው ሲመክት ቆይቷል። ሁለቱ አይመሳሰሉም። ገብረ ክርስቶስ ቅርጽንና ኅብርን አጥርቶ ያስቀምጣል፣ እስክንድር ያጨናንቃል፤ አንዱ ወደ ጀርመን ረቂቅነት፣ ሌላው ወደ መናፍስት ያዘነብላል። ተማሪዎቹ ከሁለቱ መካከል ሲመላለሱ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል ተወለደ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። እስክንድር በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ፤ ሦስት ዓመት ያህል ካስተማረ በኋላ ደግሞ ሄደ።

የሄደው ወደ አትላንታ ነው። በ1970 የአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል የቅርጻ ቅርጽ፣ የቅብና የአፍሪካ ዲዛይን መምህር አድርጎ ጋበዘው። ማዕከሉ አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ አልነበረም። ሞርሃውስ፣ ስፔልማን፣ ክላርክ፣ ሞሪስ ብራውንና ሌሎችም የጥቁር አሜሪካውያን ኮሌጆች ከመሐል ከተማው በስተምዕራብ ጎን ለጎን የተሰባሰቡበት ኅብረት ነው። ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ እዚያ አስተምረዋል። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከሞርሃውስ ተመርቀዋል፤ በሚያዝያ 1968 አስከሬናቸው በበቅሎ ጋሪ ተጭኖ ከአቤነዘር ቤተ ክርስቲያን የተወሰደው ወደዚያው ግቢ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም በ1969 አትላንታ መጥተው በኪንግ መቃብር ላይ የአበባ ጉንጉን አኑረዋል። እስክንድር የደረሰው በዓመቱ ነበር።

ግቢው ለሥዕል አዲስ አልነበረም። ሄል ውድረፍ የተባለው ሠዓሊ በ1942 የጀመረው የጥቁር ሠዓልያን ዓመታዊ ውድድር፣ ሌሎች የደቡብ አዳራሾች ጥቁር ሠዓሊን በማያስገቡበት ዘመን፣ ለ28 ዓመታት በየዓመቱ ሥዕል እየሰበሰበ፣ ለአሸናፊው እየከፈለ፣ ሥራውንም ለዩኒቨርሲቲው እያስቀረ ዘልቋል። የተዘጋው እስክንድር በገባበት በ1970 ነው። ውድረፍ በትሬቨር አርኔት ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ ስድስት ትልልቅ ሥዕሎችም ትቷል፤ ከአፍሪካ ጥንታዊ ቅርጾች ተነስተው በቤኒን መቃጠል አልፈው እስከ ዘመናዊ ሠዓልያን ይደርሳሉ። ዩኒቨርሲቲው ለሠዓልያን የሚያስተምረው ነገር እነዚህ ግድግዳዎች ላይ ነበር ማለት ይቻላል፦ አፍሪካ የዘመናዊ ጥበብ ምንጭ እንጂ ጥሬ ዕቃ አይደለችም። «የአፍሪካ ዲዛይን» የሚል ትምህርት ለማስተማር ከኢትዮጵያ ሰው መጥራታቸው ከዚህ የመጣ ነው።

እስክንድር በአትላንታ የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሁለቱ ዓመታት ግን ከፓሪስ ዘጠኝ ያነሰ ክብደት የላቸውም። በፓሪስ ጥቁርነት በካፌና በጉባኤ የሚነገር ሐሳብ ነበር፤ በአትላንታ ተማሪዎቹ፣ የሥራ ባልደረቦቹና ጎረቤቶቹ ነበሩ። አላባማ ውስጥ ያገባትም ሴት ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ዛሬ ክላርክስተንን የመሰሉ ሰፈሮች እንጀራና ቡና የማይጠፋባቸው ሆነው አትላንታ ላይ የበረከተው ሐበሻ የመጣው ግን ከአብዮቱ በኋላ፣ በተለይም የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ ነው። በ1970 ጥቂት ተማሪዎችን ካልቆጠርን እስክንድር ብቻውን ነበር ለማለት ይቀርባል። ስለዚህ በሥራው የሚገባው አፍሪካ ከአገር ልጆች ጋር የሚያወራው መሆኑ ቀርቶ ለሌሎች የሚያስተምረው ሆነ።

በ1972 ዋሽንግተን የሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ወሰደውና ለ30 ዓመት ገደማ እዚያ አስተማረ። በ1972 እና 1973 የሠራው «የጅማሬው ፍጻሜ» ዛሬ በስሚዝሶንያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል፤ አብዮቱ የፈነዳው ሥዕሉ ባለቀ በማግስቱ ዓመት ስለሆነ ርእሱን ከዚያ ጋር አለማያያዝ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ከባድ ነው። በ1977 ዘረኝነትን ለመዋጋት ለወጣ የተባበሩት መንግሥታት ቴምብር የመጀመሪያ ቀን ፖስታ ሠራ፤ ይህን ሥራ ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው። ቆየት ብሎ ከሸራ ይልቅ ወደ ቆዳና የዛፍ ልጥ ጨርቅ አደላ። ብራናው ራሱ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ዘይት ቀለም የሚሸፍነውን ጭረትና መስመር ቆዳው በግልጽ ያሳያል። በግንቦት 2003 ዋሽንግተን ውስጥ በ65 ዓመቱ አረፈ።

ከእሱ ጋር የመጨረሻውን ትልቅ ሥራ የሠራችው ከበደች ተክለአብ ናት። ሶማሊያ ውስጥ ለአሥር ዓመት ያህል ታስራ ከተፈታች በኋላ በሃዋርድ የተማረች ገጣሚና ሠዓሊ ነች። ሁለቱ በ2001 በዋሽንግተኑ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ «ኔክሰስ» የተባለውን የአሉሚኒየም ሥራ አቆሙ፤ በብራና ላይ የነበረው መረብ፣ ጠልሰምና ጌጥ እዚያ በተቆረጠ ብረት ይታያል፣ ጥላውም የብዕር ቀለም ይሆናል። አትላንታም የሐበሻ መስመር አልጠፋባትም። እስክንድር በመጣበት በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ የጥቁር ብዕር መስመርንና አክሪሊክን እየደራረበች የምትሠራቸው ግዙፍ ሸራዎች ከጥቅምት 2020 እስከ ጥር 2021 በከተማው ሃይ ሙዚየም ታይተዋል። ከበደችም በዚያው በጆርጂያ ግዛት፣ ከአትላንታ ወደ ባሕሩ ሲወርዱ በምትገኘው በሳቫና የሥነ ጥበብና ዲዛይን ኮሌጅ ሥዕል አስተምራለች።