የግግር በረዶ መሸሽና የእሳተ ገሞራ ተራራ ናዳ፦ ከስሜን እስከ መተማ ቆላ

ከመተማ ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ፣ በቆላው ሰሊጥና ጥጥ የሚያበቅለው ጥቁር ዋልካም ሆነ በላይ የቆመው የስሜን ገደል፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከከርሠ ምድር ፈልቆ ከረጋው እሳት የተገኙ መሆናቸውን ቢያስተውል፣ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ሲመረምሩት የኖሩት ጥያቄ ለእርሱም ባዕድ አይሆንበትም፤ ይኸውም የዓለም ሙቀት በርትቶ ግግር በረዶ ሲሸሽ እሳት የሠራው ተራራ ስለ ምን ይናዳል የሚለው ነው።

እንዲህ ያለው ተራራ ከውጭ ሲያዩት ጽኑዕ ቢመስልም፣ ድኝ ያዘለ ትኩስ እንፋሎት በስንጥቁ እየተመላለሰ አለቱን ወደ ጭቃ ስለሚለውጠው ውስጡ ድኩም ነው። ግግሩም በአንድ ወገን ጎኑን እየፋቀ ቁልቁለቱን ገደል ያደርገዋል፣ በሌላ ወገን ደግሞ ያንኑ የፋቀውን ጎን እንደ ምሰሶ ደግፎ ያቆመዋል፤ በቀለጠ ጊዜ እንግዲህ ድጋፉ ይጠፋል፣ ውሃውም በስንጥቁ ሰርጎ አለቱን ከአለት ይለያል። ሐምሌ 30 ቀን 2002 ዓ.ም. በካናዳ ምዕራብ የሚገኘው የሚገር ተራራ፣ ከግርጌው ግግሩ ከሸሸበት በኋላ፣ 50 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል አለትና አፈር አውርዶ ወንዝ ዘጋ። በአፍሪካችንም ኪሊማንጃሮ ከ1912 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ከበረዶው ከመቶ 85 ያህሉን አጥቷል።

የእኛ ስሜን ነገሩ ሌላ ነው፤ ይህንንም አለማድበስበስ ይገባል። በራስ ደጀንና በቧሂት ግግሩ ትቶት የሄደው የድንጋይ ክምር ዛሬም ይታያል፤ ዘመነ በረድ ግን ካለፈ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል፣ እሳቱም ከዚያ እጅግ አስቀድሞ ጠፍቷል። ዛሬ ቁልቁለቱን የሚንደው፣ አየሩ በሞቀ መጠን እርጥበት እያበዛ የሚያወርደው ብርቱ ዝናብ ነው፤ ዛፍና ሣር በተገፈፈበት ስፍራም ጥፋቱ ይበረታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ከ200 የሚበልጥ ነፍስ ያጠፋው ናዳ፣ በነሐሴም በሰሜን ጎንደር በጠለምት ሰው ገድሎ ቤተ ሰብ ያፈናቀለው ናዳ፣ በረዶ የሌለበት አገር ከዚህ መከራ ነጻ አለመሆኑን መስክረዋል።

የቆላው ሰው ናዳውን ባያይም አፈሩን ያያል። ከስሜን የታጠበው በተከዜ፣ ከጭልጋና ከወገራ የታጠበው በጓንግና በአንገረብ ወርዶ በአትባራ ይገናኛል፤ በ1964 እ.ኤ.አ. በሱዳን የተፈጸመው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብም ከውሃ መያዣው ግማሽ ያህሉ በዚሁ ደለል ተሞልቷል።