ፔኒሲሊን የማይስማማው ዘር አለ?

«ዶክተር፣ በእኛ ዘር ፔኒሲሊን አይስማማም» አሉኝ አንድ አባት፣ የልጃቸውን ካርድ ወደ እኔ እየገፉ። ልጅቷ 14 ዓመቷ ነው። በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ቆይቶ የልብ ቫልቯን ነክቶታል፤ ጉዳቱ ግን ገና ቀላል ነው። እንዳይብስባት በየ4 ሳምንቱ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መወጋት አለባት። አጎቷ ደግሞ በዚሁ መርፌ ነው የሞተው ይባላል። ይህን ፍርሃት በልብ ክትትል ክፍል ውስጥ ደጋግሜ እሰማዋለሁ፤ ንቄው አላውቅም።

መጀመሪያ የምጠይቀው ሰዓቱን ነው። መርፌው በተወጋ በደቂቃዎች፣ ቢበዛ በ1 ሰዓት ውስጥ ገላ እያሳከከ ካበጠ፣ ከንፈር ከተነፋ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ግፊት ከወረደ ፈጣኑ አለርጂ ነው። ፔኒሲሊን ብቻውን እጅግ ትንሽ ስለሆነ የመከላከያ ሥርዓታችን አይለየውም። የሞለኪዩሉ ቀለበት ተከፍቶ ከሰውነታችን ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ግን ባዕድ ይመስለዋል። በአንዳንዱ ሰው ሰውነት አይጂኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ያመርትበታል፤ ይህም ማስት ሴል በሚባሉት ሕዋሳት ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ዳግመኛ ሲመጣ ሂስታሚን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ያኔ ሕይወት የሚያተርፈው ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ ሃይድሮኮርቲዞን ፍለጋ ደቂቃ መባከን የለበትም። ይህ አለርጂ ከጊዜ ጋር ይደክማል፤ ከ10 ዓመት በኋላ ከ10 ሰው 8ቱን ይተዋል። «አይስማማኝም» ከሚሉት መካከል ደግሞ በወጉ ሲመረመሩ ከ10 ሰው 9ኙ መድኃኒቱን ያለችግር ይወስዳሉ።

ከቀናት በኋላ የሚወጣው ሽፍታ መንገዱ ሌላ ነው፤ የሚያመጡት ቲ ሴሎች ናቸው። ዘር የሚነሣውም በዋናነት እዚህ ጋ ነው። ኤችኤልኤ የተባሉት ጂኖች የሚሠሯቸው ፕሮቲኖች በሕዋስ ገጽ ላይ ሆነው ለቲ ሴሎች ባዕዱን ያሳያሉ፤ ከሰው ሰው ይለያያሉ። ለሥጋ ደዌ የምንሰጠው ዳፕሶን ኤችኤልኤ-ቢ 13:01 ባለው ሰው ላይ፣ ቫንኮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ደግሞ ኤችኤልኤ-ኤ 32:01 ባለው ላይ ከባድ ጉዳት የማድረስ ዕድላቸው ይጨምራል። ፔኒሲሊንን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ትልቅ ጥናት ኤችኤልኤ-ቢ 55:01ን አግኝቷል፤ ዕድሉን የሚጨምረው ግን በ41 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከ100 ሰው 10 ይሆን የነበረው 14 ቢጠጋ ነው። የተጠኑትም በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ናቸው። በዚህ ተነሥቶ የአጎትን አለርጂ ለእህት ወይም ለወንድም ልጅ ማውረስ አይቻልም። የቤተሰብ ታሪክ ብቻውን ፔኒሲሊን አያስከለክልም።

አባትየውን ስለ አጎቷ ጠየቅኋቸው። እግሩ ያብጥ እንደነበር፣ ትንፋሽ ስለሚያጥረው በትራስ ተደግፎ ይተኛ እንደነበር ነገሩኝ። መርፌው እንደተወጋ ወደቀ፤ ማሳከክም እብጠትም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ባወጣው ምክር፣ ቫልቫቸው ክፉኛ የተጎዳና ልባቸው የደከመ ሕሙማን ከዚህ መርፌ በኋላ ሲሞቱ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አለርጂ ሳይሆን ልባቸው ድንጋጤውንና የግፊቱን መውረድ አለመቋቋሙ ሳይሆን እንደማይቀር ገልጿል። ለእነዚህ ሕሙማን በአፍ የሚወሰደው ይመረጣል። የአጎትየው ሞት ለእኔ ከአለርጂ ይልቅ ይህን ይመስላል፤ ይህን ለአባትየው ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ ግን ልቧ አልደከመም?» አሉ። አልደከመም። በልታ፣ ውኃ ጠጥታ፣ ተኝታ፣ አድሬናሊኑ አጠገቧ ተዘጋጅቶ ሲስተር ቀስ ብላ ወጋቻት፤ ምንም አልሆነችም።

ዳግመኛ የማልሞክርባቸው ግን አሉ። መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ቆዳው የተላጠ፣ አፉና ዓይኑ የቆሰለ፣ ወይም ሽፍታው ከትኩሳትና ከጉበት ጉዳት ጋር የመጣበት ሰው ያንኑ መድኃኒት ለመሞከር እንኳ መውሰድ የለበትም። የእነዚህ ሰዎች ካርድ ላይ «አለርጂ» ብቻ ተጽፎ ሳይ እናደዳለሁ። የመድኃኒቱ ስም፣ በስንት ሰዓት ወይም በስንት ቀን እንደጀመረ፣ ምን እንደወጣበት፣ በምን እንደታከመ አብሮ ይጻፍ፤ ወረቀቱም ለታማሚው ይሰጠው፣ ሌላ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ይዞት እንዲገባ።